ሰዋስውን በካርቱን ገጸ ባሕርያት፦ ልጆቹ ሥዕሉን ወደዱት፣ ግሡን ግን አይለዩም

ጠያቂዋ፦
ጤና ይስጥልኝ። ሦስተኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። የቃል ክፍሎችን በካርቱን እየሣልኩ ነው፤ ግሥ ሯጭ ልጅ ነው፣ ቅጽል የቀለም ባልዲ የያዘች ልጅ። ልጆቹ ወደዋቸዋል፣ የቤት ስም ሁሉ አውጥተውላቸዋል። ግን "ሩጫ" ምንድን ነው ስላቸው በአንድ ድምፅ "ግሥ!" "ነው" ስላቸው ደግሞ ጭጭ። ምን ይሻላል?

ሠዓሊው መምህር፦
ልጆቹ ምን ያድርጉ፣ ሥዕሉ የነገራቸውን እኮ ነው የመለሱልሽ! ገጸ ባሕርይው የቃሉን ፍቺ ሳይሆን ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ያለውን ሥራ ያሳይ። የእኔ ግሥ አይሮጥም። ከሰልፉ መጨረሻ፣ ከአራት ነጥቡ አጠገብ ይቆምና ባለቤቱን እያየ ልብስ ይቀይራል፦ መጣ፣ መጣች፣ መጡ። "ሩጫ"ን እዚያ አቁመሽ "በይ ልበሽ" በያት፤ "ሩጫች" ሲሉ ራሳቸው በሳቅ ይፈርሳሉ። "ነው" ግን ናት፣ ናቸው እያለ ይለብሳል፤ ሳይዘል ሳይሮጥ ግሥነቱ ይታያል።

"ን"ን ትንሽ ቦርሳ አድርጊያት። "ውሻው ድመቷን አባረራት" ሲባል ቦርሳውን የያዘችው ድመቷ ናት። ከፊት አምጥተሽ "ድመቷን ውሻው አባረራት" ብትይም ተባራሪዋ ያችው ናት። ቦርሳውን ለውሻው ስትሰጪው ግን ግሡም ልብሱን መቀየር አለበት፦ "ድመቷ ውሻውን አባረረችው"። እዚህ ላይ ክፍሉ ይንጫጫል፤ ተያቸው ይጨቃጨቁ።

የድሮ አስተማሪ፦
ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ብቻ መነጽሩን፣ ባርኔጣውን፣ ጅራቱን ቀንሱ። የትምህርት ሥነ ልቦና ተመራማሪው ሪቻርድ ማየርም ከትምህርቱ ጋር የማይገናኝ ማስዋቢያ ሲወጣ ተማሪ የተሻለ እንደሚማር ያስረዳል። ሥዕሉ ላይ ያለ ነገር ሁሉ አንድ ሕግ ካልያዘ ይጥፋ።

ጠያቂዋ፦
ለካ "ደግ"ን ቅጽል አይደለም ያሉኝ ቀለም ስለሌለው ነው! ቅጽሏንስ ምን ላድርጋት?

ሠዓሊው መምህር፦
ባልዲውን ቀሚያትና ከስም ፊት ፊት አስኪጃት፦ ደግ ሴት፣ ረጅም ዛፍ። "ሴትየዋ ደግ ናት" ሲመጣ ከስሟ ተለይታ ግሡ ጎን ትቆማለች፤ እሱን ግን የመጀመሪያውን በደንብ እስኪለምዱት አቆዪው። ደግሞ ሥዕሉን ሁሌ አንቺ አትሣዪ፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ስጫቸውና ማን የት እንደሚቆም እነሱ ይሣሉ። ማን እንዳልገባው ከፈተና በፊት ታውቂያለሽ።