የወባ መድኃኒትና የደም ቅባት

ጥያቄ (ከአዘዞ፣ ጎንደር)፦ ኮሌስትሮል ላለባቸው አባት ኮአርተም የተባለ የወባ መድኃኒት ታዘዘ፤ «ቅባት ካለው ምግብ ጋር ይውሰዱ» ተባሉ። አይጎዳቸውም? ጾምም ነው።

መልስ 1፦ የ3 ቀን ቅባት ኮሌስትሮል አያናጋም። በኮአርተም ውስጥ ያለው ሉሜፋንትሪን ያለ ቅባት ወደ ደም በደንብ አይገባም፤ ያኔ ወባው ሊያገረሽ ይችላል። ብዙ አያስፈልግም፤ ዘይት ያለው ሽሮ ወይም ኦቾሎኒ ይበቃል። በ3 ቀን የሚወሰደውን መድኃኒት ስድስቱንም ጊዜ ይውሰዱ። በ1 ሰዓት ውስጥ ካስመለሳቸው ያው መጠን ይደገማል።

መልስ 2፦ የደም ቅባትን የሚነካው ሌላ የወባ መድኃኒት ነው። ሃይድሮክሲክሎሮኪን ለሉፐስ (የሰውነት መከላከያ ራሱን ሰውነትን የሚያጠቃበት በሽታ) ለወራት ሲወሰድ ኤልዲኤልን («መጥፎ» ኮሌስትሮልን) በመጠኑ ይቀንሳል። ለኮሌስትሮል ብሎ መዋጥ ግን ሞኝነት ነው፤ ሲቆይ የዓይን ሬቲና ይጎዳል።

መልስ 3፦ አሁን ኮሌስትሮል አያስለኩ። ወባው ራሱ ኤችዲኤልን («ጥሩ» ኮሌስትሮልን) እና ኤልዲኤልን ያወርዳል፣ ትራይግሊሰራይድ የሚባለውን ሌላ የደም ቅባት ከፍ ያደርጋል። ከዳኑ ከሳምንታት በኋላ ይለኩ። የሚወስዱት የስታቲን (ኮሌስትሮል የሚቀንስ) ክኒን ካለ ለፋርማሲስቱ ይንገሩ።