ክርክር፦ ዝሆኑ የባቢሌ፣ ተከራካሪው ከባሕር ማዶ

የጁገል ልጅ፦ ሰላም ጀማው። በ2027 የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ፣ ኮፕ 32፣ አዲስ አበባ ይካሄዳል። ከመንግሥታት ልዑካን ጋር የአካባቢ ጥበቃ ድርጅቶችም በብዛት ይመጣሉ። ሕዝብ ያልመረጠው ድርጅት በአገሮች መካከል ባለ ጉዳይ እስከ ምን ድረስ ይግባ? እኛ ሐረር ያለነውንስ ምን ያገባናል? እንዳንምታታ ዓመቱን ሁላችንም በፈረንጆች አቆጣጠር እንጻፍ።

ሸዋ በር፦ እኔ ከነጭራሹ አይግቡ ባይ ነኝ። ኦሞ ወንዝ ላይ የተሠራውን የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ አስታውሱ። የካሊፎርኒያው የወንዞች ተሟጋች ኢንተርናሽናል ሪቨርስና የነባር ሕዝቦች ተሟጋቹ ሰርቫይቫል ኢንተርናሽናል ገንዘብ እንዳናገኝ ዘመቻ ከፈቱብን። የአውሮፓ ኢንቨስትመንት ባንክ በ2010 ተወው። ግድቡ ግን ከቻይና በተገኘ ብድር ጭምር አለቀ፤ 1,870 ሜጋ ዋት፣ በ2016 ተመረቀ። መብራት በማይጠፋበት ካሊፎርኒያ ተቀምጦ የኛን መብራት የሚያስቆም ሰው ውክልናውን ከማን አገኘ? አቦ፣ ይህን አንድ ሰው ይመልስልኝ።

የባቢሌ ልጅ፦ ጋሼ ሸዋ በር፣ ስለ ግድብ ከእርስዎ ጋር አልከራከርም። ስለ ዝሆን ግን ልናገር። በ1989 ሎዛን ላይ መንግሥታት የዝሆን ጥርስ ንግድን ሲያግዱ፣ ዚምባብዌና ቦትስዋና እየተቃወሙ ነገሩን ከገፉት መካከል እንዲህ ያሉ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅቶች ነበሩ። አገራችንም በ2015 ከስድስት ቶን በላይ የዝሆን ጥርስ አዲስ አበባ ላይ አቃጥላለች። ደግ አደረገች፤ የባቢሌ ዝሆን እንዲጠፋ የምፈልግ ሰው አይደለሁም። ግን ዝሆኑ በኤረር ሸለቆ ወርዶ ቁልቋሉን ከበላ በኋላ የሚመጣው ማሽላችን ላይ ነው። አባቴ ማሳው ዳር ቆርቆሮ ሲደበድብ ያድራል። ስለ ዝሆን ሊያነጋግረን የመጣ ሁሉ ዝሆኑ ስንት እንደሆነ ይጠይቀናል። ስንት ኩንታል ማሽላ እንደጠፋብን የጠየቀን የለም፤ ወላሂ አንድም የለም።

ጡረተኛው መምህር፦ የባቢሌ ልጅ ዋናውን ነገር ተናግራለች፤ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ለሸዋ በር። እነዚህ ድርጅቶች በአየር ንብረት ጉባኤ ታዛቢዎች ናቸው። ሰብሳቢው ሲፈቅድላቸው ይናገራሉ እንጂ አይወስኑም። በጉባኤው ከተገኙት አባል አገሮች አንድ ሦስተኛው ከተቃወመ ታዛቢነቱም ይቀራል። ታዲያ ለምን ይፈራሉ? መንግሥታት ዝም ማለት ሲስማማቸው እነሱ ስለሚናገሩ ነው።

ጊቤ ሦስትን እንይ። የተርካና ሐይቅ ውኃ አብዛኛው የሚገባው ከኦሞ ወንዝ ነው። እዚያ ዓሣ አጥምዶ የሚኖረው በአብዛኛው ኬንያዊ ነው፤ የኬንያ መንግሥት ደግሞ ከኛ ኤሌክትሪክ ለመግዛት የተስማማ ነው። የገዢና የሻጭ መንግሥት ሲስማሙ ለዓሣ አጥማጁ ማን ይናገርለት? ፍሬንድስ ኦፍ ሌክ ተርካና የተባለው ማኅበር እዚያው ኬንያ ውስጥ ነው የተቋቋመው። ዩኔስኮም በ2018 የሐይቁን ብሔራዊ ፓርኮች አደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ አስገብቷቸዋል። እኔ ግድቡ መሠራቱን እደግፋለሁ። ለዚያ ሕዝብ የጮኸውን ግን ጠላት አልለውም።

ከኛ ጎን የቆሙበትንም እናስታውስ። በጥር 2000 ሞንትሪያል ላይ ዘረመላቸው የተለወጠ ሰብሎችና ሌሎች ሕያዋን ከአገር አገር ሲዘዋወሩ የሚገዛው ስምምነት፣ የካርታኼና ፕሮቶኮል፣ ሲጸድቅ የአፍሪካ ቡድን ቃል አቀባይ የኛው ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔር ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማር። በተቃራኒው አሜሪካ፣ ካናዳ፣ አውስትራሊያና አርጀንቲና ከሌሎች የግብርና ምርት ላኪ አገሮች ጋር ተሰልፈዋል። ማሌዢያ ያለው ሰርድ ወርልድ ኔትወርክ የተባለው ድርጅት በሳይንሱም በሕጉም ለታዳጊዎቹ አገሮች ተደራዳሪዎች እገዛ አደረገ። አንድ አገር፣ ማስረጃው ገና ባይሟላ እንኳ፣ ለጥንቃቄ ሲል ዘረመሉ የተለወጠ ዘር አይግባብኝ ማለት እንዲችል ተጻፈ። ያኔ እነዚያን ሰዎች ማን ወከላችሁ ያላቸው ከኛ ወገን አልነበረም።

ሸዋ በር፦ መምህር፣ አከብርዎታለሁ። የኮፐንሃገኑን የአየር ንብረት ጉባኤስ ምን ይሉታል? በ2009 መለስ ዜናዊ ለአፍሪካ ሲደራደሩ ፓን አፍሪካን ክላይሜት ጀስቲስ አሊያንስ የተባለው ስብስብ አፍሪካን በርካሽ ሸጡ ብሎ አወገዛቸው። በድርድር መሐል ተወካይህን ከኋላ መምታት ምን ይባላል?

ጡረተኛው መምህር፦ ስብስቡ የአፍሪካውያን ነው፤ ከካሊፎርኒያ አልመጣም። ያሉትም ገንዘቡ ትንሽ ነው፣ ሳይንሱ የሚጠይቀውን አይመልስም ነበር። ከሀብታም አገሮች ለታዳጊዎቹ እስከ 2020 በየዓመቱ ይደርሳል የተባለው 100 ቢሊዮን ዶላር ሞላ የተባለው በ2022 ነው፤ ብዙውም ብድር ነው። ዛሬ ላይ ሆኜ ሳየው ከዚያ ክፍል ውስጥ አንድ ሰው ይህን ጮክ ብሎ መናገሩ ተገቢ ነበር።

ሐረማያ ግቢ፦ አንድ ነገር ልጨምር። ሐረማያ ሐይቅ ሲደርቅ የውጭ ድርጅትም የውጭ ጠላትም አልነበረበትም። ለጫትና ለአትክልት የተተከለው ፓምፕ፣ ለሐረር የሚሳበው ውኃና ከተራራው የሚወርደው ደለል ነው ያደረቀው። ሁሉን ነገር ወደ ውጭ ባንወስደው።

ጡረተኛው መምህር፦ ትክክል። አሁን ወደ ባቢሌ። የኔ ቅሬታ ድርጅቶቹ ገቡ ማለት አይደለም፤ የሚገቡት የለንደንና የዋሽንግተን ሲሆኑ የባቢሌው ገበሬ ማኅበር ውጭ መቅረቱ ነው። ስለ ዝሆን የሚወስነው ስብሰባ ላይ ዝሆኑን የሚያውቅ ሰው በፎቶግራፍ ብቻ ነው የሚታየው። የአየር ንብረቱ ጉባኤ በራሳችን አገር ሲሆን የቪዛውና የአውሮፕላኑ ወጪ ይቀርልናል፤ እንዲህ ያለ ዕድል ቶሎ አይመለስም። ግን ታዛቢ መሆን የሚቻለው አስቀድሞ ተመዝግቦ፣ ተፈቅዶ ነው። ያልደረሰለት ማኅበር አስቀድሞ ከተፈቀደለት ድርጅት በልዑካን ቁጥሩ ውስጥ ቦታ መለመን አለበት።

የባቢሌ ልጅ፦ መምህር፣ የኛ ማኅበር በወረዳ ነው የተመዘገበው። ይበቃል?

ጡረተኛው መምህር፦ ለብቻው ለመግባት ይከብደዋል። እውቅና ያለውን አንድ የአገር ውስጥ ድርጅት ከአሁኑ አነጋግሩ። ስትሄዱም በየዓመቱ የጠፋውን ማሽላ በኩንታል፣ በቀበሌ ጽፋችሁ ያዙ።

ሸዋ በር፦ እሷ የምትገባ ከሆነ አልቃወምም፤ ትራንስፖርቱን ለማዋጣትም አለሁ። የውጭዎቹ ግን ገንዘባቸው ከማን እንደሚመጣ አዳራሹ ውስጥ በግልጽ ይናገሩ። የኛዎቹን የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113 ለአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ በላይ አታውጡ ይላቸዋል፤ የነዚያን ሂሳብ እኛ የምናይበት መንገድ እስኪኖር ድረስ በሐሳቤ እንደጸናሁ ነኝ።