የወንጀል ጉዳይ ጠበቃ ለመሆን ልምዴን የት ልጀምር?

ጠያቂ (የሕግ ተማሪ፣ ጅማ)
የተከበራችሁ ባለሙያዎች፣ የአምስተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ ነኝ። የመውጫ ፈተናውን ካለፍኩ በኋላ የወንጀል ጉዳይ ጠበቃ ለመሆን አስቤአለሁ፤ ቤተሰቦቼ ግን «ይህን ሁሉ ተምረሽ ወንበዴ ልታስፈቺ ነው?» እያሉ ባንክ እንድገባ ይገፋፉኛል። የጥብቅና ፈቃድ የሥራ ልምድ ስለሚጠይቅ፣ ልምዱን በዐቃቤ ሕግነት፣ መንግሥት አቅም ለሌላቸው ተከሳሾች በሚያቆመው ተከላካይ ጠበቃነት ወይስ በነባር ጠበቃ ቢሮ ባገኘው ይሻላል? አፋን ኦሮሞ እናገራለሁ፤ የሕግ ጽሑፍ ማዘጋጀት ግን ይከብደኛል።

መልስ ሰጪ 1
እህቴ፣ ፈቃድ ከማውጣቴ በፊት ዐቃቤ ሕግ ስለነበርኩ ምክሬ ወደዚያ ቢያደላ አትፍረጂብኝ። የምርመራ መዝገቡን ተቀብሎ የሚያስከስስ ማስረጃ መኖር አለመኖሩን የሚመዝነው ዐቃቤ ሕግ በመሆኑ፣ መዝገብ የቱ ላይ እንደሚሳሳ እዚያ ይታወቃል። ለምሳሌ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 540 ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት የሚያስፈርድ የግድያ ክስ፣ ተከሳሹ በከባድ ትንኮሳ ተነሳስቶ ወይም ከሕጋዊ መከላከል ወሰን አልፎ መግደሉ ከተረጋገጠ ወደ አንቀጽ 541 ይወርድና ቅጣቱ ከ5 ዓመት የማይበልጥ ቀላል እስራት ይሆናል። ይህን ያህል ልዩነት ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከምስክሮች የመጀመሪያ ቃል ነው።

መስቀለኛ ጥያቄም የሚለመደው የራስ ምስክር ሲበላሽ በማየት ነው። ለፖሊስ «ሲሮጥ ከኋላው አየሁት» ያለ ምስክር ችሎት ቀርቦ «ፊቱን ለይቼዋለሁ» ቢል፣ ጀማሪ ጠበቃ «ከኋላ ሆነህ ፊቱን እንዴት አየህ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ምስክሩም «ዞር ሲል» ብሎ ቀዳዳውን ይደፍናል። የበሰለው ጠበቃ ሰዓቱን፣ መብራቱንና ርቀቱን አስመዝግቦ፣ ለፖሊስ የሰጠው ቃል የራሱ መሆኑን እንዲያምን አድርጎ ይቀመጣል፤ ቀሪውን በክርክር ማቆሚያው ላይ ይለዋል።

መልስ ሰጪ 2
በዚህ በከፊል አልስማማም። ዐቃቤ ሕግ የነበሩ የሥራ ባልደረቦቼ ጎበዞች ቢሆኑም፣ መዝገቡን የማመን ልማድ ቶሎ አይለቃቸውም። ተከላካይ ጠበቃ ግን ተጠርጣሪውን ገና በጊዜ ቀጠሮ (ፖሊስ ለምርመራ ተጨማሪ ቀን በሚጠይቅበት ችሎት) ላይ ያገኘዋል፤ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለመቅረቡን፣ ፖሊስ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 59 የሚጠይቀው እስከ 14 ቀን የሚደርስ ጊዜ በእርግጥ ለምርመራ የሚያስፈልግ መሆኑን፣ ዋስትና የሚከለከልበት ምክንያት መኖሩን ይከራከራል። የዐቃቤ ሕግ ምስክር ተሰምቶ ካበቃ በኋላም በቁጥር 141 መከላከል ሳያስፈልግ በነፃ የሚሰናበት ተከሳሽ አለ፤ ለዚያ ብይን መሟገት የሚጣፍጥ ሥራ ነው። ለቤተሰቦችሽ ደግሞ ሕገ መንግሥቱን አንብቢላቸው፤ አንቀጽ 20 ጠበቃ የማቆም አቅም ለሌለውና ያለ ጠበቃ ፍትሕ ሊጓደልበት ለሚችል ተከሳሽ መንግሥት በራሱ ወጪ እንዲያቆምለት ያዛል።

መልስ ሰጪ 3
ሁለቱም መንገድ ያደርሳል፤ እኔን ያሳሰበኝ የቋንቋው ነገር ነው። የጅማ ዞን ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ፣ የክስ መቃወሚያና ይግባኝ በጥራት መጻፍ የማይችል ጠበቃ በቃል የቱንም ያህል ቢናገር አይቆምም። ስለዚህ ገና ሳትመረቂ በነፃ የሕግ ድጋፍ አገልግሎት እየተሳተፍሽ በአፋን ኦሮሞ ማመልከቻ መጻፍ ተለማመጂ። አማርኛሽም አይባክንም፤ ጉዳዩ የመጨረሻ ፍርድ ላይ ያለ መሠረታዊ የሕግ ስህተትን ወደሚያርመው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት ሲሄድ ክርክሩ በአማርኛ ነው፤ የዚያ ችሎት የሕግ ትርጉም ደግሞ በየደረጃው ያሉትን ፍርድ ቤቶች ሁሉ ያስገድዳል።

ስለ ገቢው ግልጽ ልሁንልሽ። በጅማ በወንጀል ጉዳይ ብቻ የሚተዳደር ጀማሪ አላየሁም፤ ውርስ፣ የይዞታ ክርክርና የቡና ሽያጭ ውል መያዝሽ አይቀርም። ከአጋሮና ከሊሙ የሚመጣው ደንበኛም «ቡናው ሲሸጥ እከፍላለሁ» ይልሻል፤ አብዛኛው ቃሉን ይጠብቃል፤ አንቺ ግን ክፍያው በስንት ጊዜ እንደሚፈጸምና ጉዳዩ ወደ ይግባኝ ቢሄድ ተጨማሪ ስንት እንደሚከፈል በጽሑፍ ውል ሳታስፈርሚ መዝገብ አትክፈቺ።