ድምፅ ከብርሃን ቀድሞ ኮርቴክስ ይደርሳል፤ ለምን?

ብሌን፦
በማካክ ጦጣዎች አንጎል ላይ የተደረጉ ምዝገባዎችን ሳይ፣ የመስሚያው ኮርቴክስ (የአንጎል ውጫዊ ሽፋን ክፍል) ድምፅ በተሰማ ከ10 እስከ 15 ሚሊሴኮንድ ውስጥ ምላሽ ይጀምራል፤ የእይታው ግን 40 አካባቢ ይፈጅበታል። ብርሃን ከድምፅ ፈጥኖ እየተጓዘ ድምፅ እንዴት ይቀድማል? ደግሞስ ብልጭታና ጩኸት ለእንስሳው በአንድ ጊዜ ላቀርብ ስል ምን ልጠንቀቅ?

ሺህ_ሄርዝ፦
መዘግየቱ ነርቩ ላይ ሳይሆን ገና ዓይን ውስጥ ነው። ኮክሊያ (የውስጠኛው ጆሮ ጠመዝማዛ ክፍል) ውስጥ ያሉት ፀጉራማ ሕዋሳት ፀጉራቸው ሲዘነበል ጫፎቹን የሚያያይዙት ቀጫጭን ክሮች የአዮን (ኤሌክትሪክ የያዙ ቅንጣቶች) በሮችን ጎትተው ይከፍታሉ። ነገሩ ሜካኒካል ስለሆነ ከ1 ሚሊሴኮንድ በታች ያልቃል። ሬቲና (ከዓይን ጀርባ ያለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን) ላይ ግን ብርሃን የነካው ኦፕሲን የተባለ ፕሮቲን ትራንስዱሲን የተባለ ሌላ ፕሮቲንን፣ እሱ ደግሞ ፎስፎዳይስተሬዝ የተባለ ኤንዛይምን ያነቃል፤ ኤንዛይሙ የሚሰባብረው መልእክተኛ ሞለኪውል፣ ሳይክሊክ ጂኤምፒ፣ ሲቀንስ ነው በሮቹ የሚዘጉት (አዎ፣ በብርሃን ይዘጋሉ እንጂ አይከፈቱም)። ይህ ኬሚካላዊ ቅብብሎሽ ነው ጊዜውን የሚበላው። ብርሃኑ ከደበዘዘ ይብስበታል፤ ስለዚህ 40ን ቋሚ ቁጥር አድርገሽ አትያዢው።

የሚገርመው የድምፁ መንገድ ብዙ የአንጎል ጣቢያ እያለውም መቅደሙ ነው፦ የኮክሊያ ኒውክሊየስ፣ የላይኛው ኦሊቭ፣ የታችኛው ኮሊኩለስ፣ ከዚያ ታላመስ። ኦሊቩ ድምፅ ሁለቱ ጆሮዎች ጋ የሚደርስበትን የሰዓት ልዩነት ያነጻጽራል፤ ይህም በሰው ቢበዛ 0.7 ሚሊሴኮንድ ገደማ ነው። እንደ ሬቲና ያለ ቀርፋፋ ተቀባይ ይህን ልዩነት ያጠፋው ነበር።

ኮሊኩለስ፦
ርቀቱንም ጨምሪበት። ድምፅ በአየር ውስጥ በሴኮንድ 340 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ 10 ሜትር ለመሄድ 29 ሚሊሴኮንድ ይፈጃል። ከዚያ ርቀት ላይ ሁለቱ ኮርቴክስ የሚደርሱት ተቀራርበው ነው፤ ቀረብ ካለ ድምፁ፣ ራቅ ካለ ምስሉ ይቀድማል።

እኔ ግን ከጊዜው ይልቅ ቦታውን ማገጣጠም ይከብዳል ባይ ነኝ። ሬቲና ቦታን ከዓይን፣ ጆሮ ከራስ አንጻር ይለካል፤ ዓይን ዞር ባለ ቁጥር ሁለቱ ካርታዎች ይለያያሉ። ተመራማሪዎቹ ጄይና ስፓርክስ በ1984 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ በጦጣ የላይኛው ኮሊኩለስ (ዓይንን ወደ ዒላማ የሚያዞር የአንጎል ክፍል) ውስጥ ብዙ ነርቮች ለድምፅ ምላሽ የሚሰጡበት አቅጣጫ ዓይን ሲዞር አብሮ ይዞራል፤ ያውም ብዙ ጊዜ በከፊል ብቻ። ስለዚህ ዓይኑ ወዴት እንዳየ ካልመዘገብሽ "ጩኸቱ ከቀኝ ነበር" ማለት ብቻውን አይበቃም።

የላብ_ሰው፦
ወደ ሁለተኛው ጥያቄ። 60 ሄርዝ ስክሪን አንዱን ምስል ከላይ ወደ ታች ስሎ ለመጨረስ 16.7 ሚሊሴኮንድ ገደማ ይወስድበታል፤ ታች ያለ ብልጭታ በዚያው ልክ ይዘገያል። የድምፅ ካርዱ ቋት (ድምፁ ከመውጣቱ በፊት የሚጠራቀምበት) 1024 ናሙና ከሆነ በ44,100 ሄርዝ ሌላ 23 ይጨምራል። የምትፈልጊው ልዩነት ራሱ ከ25 እስከ 30 ነውና መሣሪያው ይውጠዋል። የፕሮግራሙን ሰዓት አትመኚ፤ ፎቶዳዮድ (ብርሃን ለኪ) ስክሪኑ ላይ፣ ማይክሮፎን ድምፅ ማጉያው ፊት አድርገሽ ሁለቱን በአንድ ኦሲሎስኮፕ (የኤሌክትሪክ ምልክትን ከጊዜ ጋር የሚያሳይ መሣሪያ) ለኪ። ብሉቱዝማ አይታሰብ።

ብሌን፦
ዳዮዱ ብልጭታው ላይ ከተለጠፈ እንስሳው አያየውም እኮ?

የላብ_ሰው፦
በዚያው ፍሬም (አንድ የስክሪን ምስል) ጥግ ላይ ሌላ ነጭ ካሬ አብሪ፤ ዳዮዱን እዚያ ለጥፈሽ በጥቁር ቴፕ ሸፍኚው። ካሬው ታች፣ ብልጭታው መሀል ከሆነ ዳዮዱ ካነበበው ላይ 8 ሚሊሴኮንድ ያህል ቀንሺ።