አየርላንድ ካስል ውስጥ ሰርግ፣ ያውም አርብ ቀን! እናቴን ምን ላብላት?

የደብሊኗ፦
ሰላም የሀገሬ ልጆች፣ እንደምን አላችሁ። ታናሽ ወንድሜ አየርላንዳዊት ሊያገባ ነው፣ ሰርጉ በመጪው መስከረም ክሌር በሚባል አውራጃ ድሮምላንድ ካስል የሚባል፣ ሆቴል የሆነ የድሮ ግንብ ውስጥ ነው። ደስታዬ ልክ የለውም ግን አርብ ቀን ሆነብኝ፣ ምክንያቱም ጋብቻው በቤተ ክርስቲያን ሳይሆን በመንግሥት በኩል ነው፣ የመንግሥት ሬጅስትራሮች (ጋብቻ የሚፈጽሙትና የሚመዘግቡት) ደግሞ ከሰኞ እስከ አርብ ብቻ ነው የሚያጋቡት። እናቴ ከአዲስ አበባ ትመጣለች፣ ረቡዕና አርብ በዕድሜዋ ፈትታ አታውቅም። ሙሽሪት ቬጀቴሪያን ምግብ አለ አታስቢ አለችኝ፣ እኔ ግን ልቤ አልረጋም። የጀበና ቡናስ እንዴት አድርጌ ላፍላ? ሆቴሉን ገና አልጠየቅኩም፣ ያለፋችሁበት ካላችሁ ንገሩኝ።

ጎልዌይ_ነኝ፦
እንኳን ደስ አላችሁ! እህቴ ቬጀቴሪያን ማለት ጾም ማለት አይደለም፣ በጭራሽ እንዳትሸወጂ። ቬጋን በይያቸው፣ እሱንም በጽሑፍ ኢሜይል አድርጊ፣ ቅቤ የለ ወተት የለ ክሬም የለ እንቁላል የለ ብለሽ ዘርዝሪላቸው። እዚህ ሀገር የተፈጨው ድንች በቅቤ ነው፣ ሾርባው ላይ ክሬም ይገባል። እኛን ጉድ የሠራን ግን ዳቦው ነው፣ ያ ቡናማው ሶዳ ዳቦ በእርሾ አይደለም የሚሠራው፣ በአሬራ ነው የሚለወሰው! እናቴ ደረቅ ዳቦ ነው ብላ ሁለት ቁራሽ በልታ ስታውቅ እንባዋ ነው የመጣው፣ እስካሁን ያንገበግበኛል።
ቡናውን በተመለከተ ክፍል ውስጥ እንዳትሞክሩት። እኛ ሰርግ ላይ (ሌላ ካስል ነው) አክስቴ ለሙሽሮቹ ብላ ክፍሏ ዕጣን አጨሰች፣ የጭስ አላርሙ ጮኸ፣ የሆቴሉ እንግዳ በሙሉ በሌሊት ልብስ ሣሩ ላይ ወጣ፣ ዝናቡም ይዘንባል። አስቀድመሽ ቆልተሽ ፈጭተሽ ሂጂና ጀበናውን በኤሌክትሪክ ምድጃ አፍይው፣ ዕጣኑን ከፈቀዱልሽ ግቢው ላይ አጭሺ።

ኮርክ_ነዋሪ፦
ከለንደን የሚመጣ ዘመድ ካለሽ አደራ፣ የእንግሊዝ ፓስፖርት ያለው ችግር የለበትም፣ በኢትዮጵያ ፓስፖርት ላይ የእንግሊዝ መኖሪያ ፈቃድ ብቻ የያዘ ግን የአየርላንድ ቪዛ ያስፈልገዋል። የሼንገን (የአውሮፓ ሀገሮች የጋራ) ቪዛም አይሠራም፣ አየርላንድ ሼንገን ውስጥ የለችም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚወድቀው። ለሙሽሮቹም ንገሪያቸው፣ ለሬጅስትራር ቢያንስ ከ3 ወር በፊት ማስታወቅ ግዴታ ነው። እናትሽ ደግሞ ግንኙነት በረራ ካገኙ እስከ ሻነን ኤርፖርት ይምጡ፣ ካስሉ ከዚያ ቅርብ ነው፣ ከደብሊን የመኪና መንገዱ ለትልቅ ሰው ያደክማል።
አባትሽ ታሪክ የሚወዱ ከሆነ ደግሞ ይሄን አጫውቺያቸው፣ ቤቱ የኦብራያን ቤተሰብ ርስት ነበር፣ ዘራቸውን የሚቆጥሩት በ1014 (በፈረንጅ አቆጣጠር) ክሎንታርፍ ጦርነት ላይ ከሞተው ንጉሥ ብራያን ቦሩ ነው። በ1962 (ይሄም በፈረንጅ ነው) ለአሜሪካዊ ባለሀብት ተሸጠ፣ ከዚያ በኋላ ነው ሆቴል የሆነው።

እትዬ_ብርቱካን፦
ልጄ፣ እኔም ልጄን እዚሁ ሀገር ነው የዳርኩት። አይሪሾቹ በማግሥቱ ዴይ ቱ የሚሉት አላቸው፣ ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ ይበላል ይጠጣል። ይሄ እኮ መልስ ነው! ቅዳሜ ስለሆነ ደግሞ ጾም የለም። ሆቴሎቹ አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ የመጣ ምግብ ስለማያስገቡ በአርቡ ላይ አትሟገቺ፣ ቅዳሜ አዳራሽ ተከራይታችሁ ዶሮውንም ክትፎውንም ጠጁንም እዚያ አውርዱት፣ የሷን ዘመዶች በሙሉ ጥሩ፣ እስክስታ ሲያዩ ከወንበር የሚቀር የለም። አርብ ላይ ግን አንድ ነገር ለምኚ፣ ከንግግሮቹ በፊት 10 ደቂቃ ለእናትሽ ይስጧት፣ ቆማ ትመርቅ፣ አንቺ አስተርጉሚ። የኔ ሴት ልጅ አማቷ ያለቀሰችው በአማርኛው ምርቃት ነው፣ ትርጉሙን ሳትሰማ ገና።

የደብሊኗ፦
እትዬ ዕድሜ ይስጥልኝ፣ ቅዳሜን እንዴት አላሰብኩትም! ሙሽሪትን አሁን ደወልኩላት፣ እናቷ ራሷ ዴይ ቱ አዳራሽ እየፈለገች ነው አለችኝ። የምርቃቱንም ነገርኳት፣ ቃል በቃል ጽፈሽ ላኪልኝና አሜን የሚባልበትን ቦታ አስምሪልኝ፣ እኛም አብረን እንላለን አለች። ለእናቴ እየደወልኩ ነው።