ክርክር፦ ዘመድ በሚያድርበት ሳሎን ካሜራ ሊበራ ይገባል?

አቅራቢዋ፣ ከአያት

ይህን ጥያቄ ለክርክር ያቀረብሁት ነገሩ በቤታችን ስለደረሰና እስከ ዛሬም ስላልተዘጋ ነው። አክስታችን ባለፈው ክረምት ከመንዝ ለዓይን ሕክምና መጥተው እኛ ዘንድ አሥራ አንድ ቀን ሰነበቱ። የምንኖረው ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ስለሆነ እንግዳ የሚያድረው ሳሎን ነው፤ ማታ ማታ ጠረጴዛውን ወደ ግድግዳ አስጠግተን ፍራሽ እናነጥፋለን። ከቴሌቪዥኑ ጎን፣ መደርደሪያው ላይ፣ ውጭ አገር የሚኖረው ወንድሜ የላከው የቡና ሲኒ የሚያህል ነጭ ካሜራ አለ። የላከው በክፋት አይደለም። እናታችን የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፤ አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ስኳራቸው ወርዶ ሳሎን ወድቀው ስላገኘኋቸው፣ እኔ በማልኖርበት ሰዓት እሱ በስልኩ እንዲያያቸው ተስማማን።

አክስታችን ያን ዕቃ ሰዓት መስሏቸው ነበር። እኛም አልነገርናቸውም፤ ለመደበቅ ሳይሆን ከለመድነው ብዛት መኖሩን ራሱ ረስተነው ነው። በፊቱ ልብሳቸውን ቀየሩ፣ ሌሊት ተነሥተው ጸለዩ፣ አንድ ምሽት ደግሞ ከእናቴ ጋር ቡና ሲጠጡ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የልጃቸው ትዳር መፍረሱን፣ ይህንንም በአገር ቤት ለማንም እንዳልተናገሩ አጫወቷቸው። በማግሥቱ ወንድሜ ደወለና ሊያጽናናቸው ብሎ «አይዞዎት እትዬ፣ የልጅዎን ነገር ሰምቻለሁ፤ እግዚአብሔር ያስተካክለዋል» አላቸው። አክስታችን ስልኩን እንደያዙ ዞር ብለው እናቴን አዩ። ዕድሜ ልካቸውን ምስጢር ሲካፈሉ የኖሩ እኅትማማቾች ናቸው፤ በዚያች ደቂቃ እናቴ አሳልፈው የሰጧቸው መሰላቸው። ወንድሜ የሰማው በካሜራው መሆኑን ሲያስረዳ ነገሩ ባሰ እንጂ አልቀለለም። ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተቀመጡ፤ የሐኪም ቀጠሯቸው አራት ቀን ሲቀረው በማለዳ ወደ አገራቸው ተሳፈሩ።

ጥያቄዬ እንግዲህ ይህ ነው፦ ዘመድ ሲያድር ካሜራውን ማጥፋት የባለቤቱ ግዴታ ነው፣ ወይስ መኖሩን መንገር ይበቃል፣ ወይስ ባለቤቱ በገዛ ቤቱ የሚያደርገው ማንንም አያገባም?

የሁለት ልጆች እናት፣ ከሲኤምሲ

በአክስትሽ የደረሰው አሳዝኖኛል፤ ሆኖም ካሜራ ከቤት ይውጣ ወደሚለው ፍርድ ከመድረሳችን በፊት የእኔም ይሰማልኝ። ባለፈው ዓመት አማቴ ባረፉ ጊዜ ለቅሶው እኛ ቤት ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ሰው ሲገባና ሲወጣ ሰንብቶ፣ በአራተኛው ቀን የአንገቴ ሐብል ጠፋ። ከዘመድ መሀል አንድም ሰው አልተጠረጠረም፤ ጣት ሁሉ የተቀሰረው በቤት ሠራተኛችን ላይ ነው። ሻንጣዋ በሰው ፊት ተበረበረ፣ ፖሊስ ይጠራ ተባለ። ባለቤቴ የኮሪደሩን ካሜራ ወደኋላ መልሶ ሲያይ፣ የስድስት ዓመት የወንድሙ ልጅ ሐብሉን ሲጫወትበት ቆይቶ ከሶፋው ትራስ ሥር ሲሸጉጠው አገኘ። ያ ካሜራ ባይኖር ኖሮ ያቺ ልጅ ሌባ ተብላ ትባረር ነበር፤ ማንም አይመሰክርላትም ነበር። ስለዚህ የእንግዳ ገበና ስንል በዚያው ቤት ውስጥ አቅም የሌለውን ሰው የሚጠብቀው ምን እንደሆነ አብረን እንጠይቅ። ለዘመዶቼ ካሜራ እንዳለ ሲገቡ እነግራቸዋለሁ፤ ከዚህ በላይ የሚጠበቅብኝ አይመስለኝም።

ካሜራ ገጣሚ፣ ከመገናኛ

በሙያዬ ያየሁትን ላካፍል። ሰው ካሜራ ሲገዛ የሚያስበው ስለ ምስሉ ነው። አብዛኞቹ የቤት ውስጥ ካሜራዎች ግን ማይክሮፎን አላቸው፤ ብዙዎቹም ከካርቶናቸው ሲወጡ ድምፅ መቅረጽ እንደበራ ነው። ድምፁን ከስልኩ ላይ መዝጋት የአንድ ደቂቃ ሥራ ሆኖ ሳለ፣ ዝጋልኝ ያሉኝ ደንበኞች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የአክስትዎን ምስጢር ያወጣው ምስሉ እንዳልነበረ ልብ ይበሉ። ሌላው፣ መብራት ከጠፋ አያይም ብለው የሚያምኑ ብዙ ሰዎች ናቸው። ካሜራው በጨለማ ለሰው ዓይን የማይታይ ኢንፍራሬድ ጨረር እየረጨ ያያል፤ ሳሎን የተኛ እንግዳ መብራት አጥፍቶ ልብሱን ሲያወልቅ የተሰወረ ይመስለዋል፣ አልተሰወረም።

ቤት ስገባ ከምጠይቃቸው ጥያቄዎች አንዱ «ይህ ካሜራ በማን በማን ስልክ ይከፈታል?» የሚል ነው። መልሱን በትክክል የሚያውቅ ጥቂት ነው። አንድ ቤት የይለፍ ቃሉ ከተገጠመበት ቀን ጀምሮ ሳይቀየር ቆይቶ፣ ከዓመት በፊት በፍቺ የተለየው ባል ሳሎኑን አሁንም ከስልኩ ማየት ይችል ነበር። ምስሉ በኢንተርኔት ወደ ኩባንያው ማከማቻ የሚላክ ከሆነ ደግሞ የሚያየው የቤተሰብ አባል ብቻ ላይሆን ይችላል። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2023 የቤት ካሜራ በሚሠራው በሪንግ ኩባንያ ላይ ባቀረበው ክስ፣ አንድ ሠራተኛ ቢያንስ የ81 ሴት ደንበኞችን ቅጂዎች፣ የመኝታ ቤት ካሜራን ጨምሮ፣ በሺዎች ሲመለከት እንደነበር ዘርዝሯል፤ ኩባንያውም 5.8 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። እኔ በበኩሌ ሰው በሚተኛበት ክፍል አልገጥምም። ደንበኛ ያጣሁበት ጊዜ አለ፤ አልቆጨኝም።

ጡረተኛ መምህር፣ ከባሕር ዳር

አስተያየቶቹን በአክብሮት አንብቤያለሁ፤ ነገር ግን አንድ መሠረታዊ ነገር እየተዘነጋ ነው። ቤት ባለቤት አለው። ወደ ሰው ቤት የሚሄድ ሰው የዚያን ቤት ሥርዓት ይቀበላል፤ ጫማ አውልቅ ከተባለ ያወልቃል፣ ጾም ከሆነ የጾም ይበላል። ካሜራ መኖሩ በግልጽ ከተነገረውና ከተስማማ በኋላ ገበናዬ ተደፈረ ማለት አይችልም። ጥፋቱ አለመንገር ነው፤ ይህ ደግሞ በአንድ ቃል የሚታረም ጥፋት ነው። እናቱ ወድቀው የተገኙበትን ልጅ ካሜራህን አጥፋ ማለት እኔ ኃላፊነቱን የምወስደው ምክር አይደለም።

ከቤሩት የተመለሰች፣ ከኮምቦልቻ

መምህር፣ እርስዎ «ከተነገረውና ከተስማማ» ባሉት ላይ ልመልስ። እኔ ቤሩት በሰው ቤት ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ። የምተኛው ከወጥ ቤቱ አጠገብ ባለች ጠባብ በረንዳ ላይ ነበር፤ ካሜራው ወጥ ቤቱንም የበረንዳዋንም በር ያያል። በገባሁበት ቀን እመቤቲቱ በጣታቸው እያሳዩ በግልጽ ነገሩኝ። እኔም እሺ አልኩ። ፓስፖርቴ በእሳቸው እጅ፣ መውጫዬ በእሳቸው ፈቃድ ሆኖ ሳለ ሌላ ምን እላለሁ? ሦስት ዓመት ልብሴን የቀየርሁት ብርድ ልብስ ውስጥ ተኝቼ ነው። አገሬ ከገባሁ በኋላ እንኳ ለወራት በእናቴ ቤት በብርድ ልብስ ውስጥ ስለብስ እናቴ «ምን ሆነሻል?» ይሉኝ ነበር።

ዘመድን ከተቀጣሪ ጋር ማመሳሰሌ አይደለም፤ የእሺታውን ነገር ግን አውቀዋለሁ። ከገጠር ለሕክምና የመጣች፣ ሌላ ማደሪያ የሌላት፣ የታክሲዋን ሳይቀር የእኅቷ ልጅ የሚከፍልላት ሴት «እዚህ ካሜራ አለ፣ ይከፋሽ ይሆን?» ብትባል «ኧረ ምን ገዶኝ» ከማለት ሌላ መልስ የላትም። ይሉኝታ አፏን ይይዘዋል። መንገር ማታለልን ያስቀራል እንጂ ፈቃድን አያመጣም፤ እምቢ ማለት የማይችል ሰው እሺታው ለእኔ ፈቃድ አይደለም። ስለዚህ ጥያቄው ወደ እንግዳው መሄዱ ራሱ ስሕተት ነው፤ ሸክሙ የባለቤቱ ነው፣ እንግዳው ሳይጠየቅ አስቀድሞ ያጥፋ።

ነርስ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ አሜሪካ

የተናገርሽው ልቤን ነካው፤ ምክንያቱም እኔ የካሜራው ባለቤት ሆኜ ያጠፋሁ ሰው ነኝ። የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ እናቴ በጎብኚ ቪዛ መጥተው ስድስት ወር አረሱኝ። ወደ ሥራ ስመለስ ሕፃኑን ለማየት ብዬ ሳሎን ካሜራ አደረግሁ፤ በእረፍት ሰዓቴ ስልኬን ከፍቼ አያለሁ። አንድ ቀን እናቴ ሕፃኑን በጀርባቸው አዝለው መስኮቱ ጋ ቆመው ሲያለቅሱ አየሁ። በስልኩ በኩል «እማዬ ምን ሆንሽ?» አልኋቸው። ድምፄ ከመደርደሪያው ላይ ሲመጣ የደነገጡት ድንጋጤ ከዓይኔ አይጠፋም። ከዚያ ቀን በኋላ ሳሎን ቁጭ ማለት ተዉ፤ ቀኑን ሙሉ ሕፃኑን ይዘው መኝታ ቤት ይውሉ ጀመር። ልጄን ለመጠበቅ ብዬ እናቴን ቤቴ ውስጥ አሰደድኋቸው።

የሕግ ባለሙያ ባልሆንም፣ ካሜራ ያላችሁ በዚህ አገር የምትኖሩ ወገኖቼ አንድ ነገር እወቁ። በሜሪላንድ ሕግ የግል ጭውውትን ድምፅ ለመቅረጽ የሁሉም ተነጋጋሪዎች ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ያለፈቃድ መቅረጽ ከባድ ወንጀል ነው። ከወንዙ ማዶ በቨርጂኒያ የአንድ ተነጋጋሪ ፈቃድ ይበቃል፤ እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው የፌዴራሉ ሕግም እንዲሁ ነው። ነገር ግን ባለቤቱ ሥራ ላይ ሆኖ እናቱና አክስቱ ሳሎን የሚያወሩትን ካሜራው ቢቀርጽ፣ እሱ ተነጋጋሪ ስላልሆነ «አንዱ ፈቅዷል» የሚባልበት ሰው እንኳ የለም። ቤቱ የእሱ መሆኑ ጭውውቱን የእሱ አያደርገውም።

የሕግ ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ

የአገራችንን ሕግ በተመለከተ፣ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የማንኛውም ሰው የግል ሕይወት እንዲከበር ይደነግጋል፤ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 ደግሞ የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። የአክስትዎ ምስል አደባባይ ስላልወጣ ይህ ሁለተኛው ድንጋጌ በቀጥታ አይደርስላቸውም፤ ወንድምዎ ቅጂውን በቤተሰብ የቴሌግራም ግሩፕ ቢያጋራው ግን ጉዳዩ ሌላ መልክ ይይዛል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቶ ተቆጣጣሪነቱ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተሰጥቷል፤ ይሁንና በእኅትማማቾች የቡና ላይ ጨዋታ ምክንያት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ደጅ የሚጠና ዘመድ ይኖራል ብዬ አልጠብቅም።

የሌሎች አገሮች ልምድ የሚያሳየው ሕግ የበረታው ከደጃፍ ውጭ መሆኑን ነው። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2014 በሪኔሽ ጉዳይ በሰጠው ፍርድ፣ መስኮታቸው በተደጋጋሚ የተሰበረባቸው የቼክ ነዋሪ የተከሉት ካሜራ የሕዝብ መተላለፊያውንና የጎረቤትን በር ስለቀረጸ «የግል የቤት ጉዳይ ነው» በሚል ከሕጉ ሊያመልጥ አይችልም ብሏል። ካሜራው ከገዛ ቤቱ ውስጥ ባይወጣ ኖሮ ግን ውጤቱ የተለየ ሊሆን ይችል ነበር። በእንግሊዝ የኦክስፎርድ ካውንቲ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2021 በጎረቤታሞች ክርክር ላይ ከምስሉ ይልቅ የድምፁን ቀረጻ አጥብቆ መንቀፉም ካሜራ ገጣሚው ወንድማችን ያሉትን ያጠናክራል።

ከሁሉም በላይ የሚከነክነኝ ግን ይህ ነው። ሰዎች ቤታቸውን ለእንግዳ የሚያከራዩበት ድረ ገጽ ኤርቢኤንቢ ቀድሞ ባለቤቱ እስካሳወቀ ድረስ በሳሎንና በኮሪደር ካሜራ ይፈቅድ ነበር፤ ማለትም የመምህርን ሐሳብ ይከተል ነበር። እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 30 ቀን 2024 ጀምሮ ግን ቢነገርም ባይነገርም በቤት ውስጥ ካሜራን ፈጽሞ ከልክሏል። ከፍሎ ለሚያድር የማይታወቅ መንገደኛ የተከበረ ነገር እግር አጥበን ለምንቀበለው ዘመድ ሲነፈግ ማየት ያሳፍረኛል።

የሁለት ልጆች እናት፣ ከሲኤምሲ

ሠራተኛዬን ያዳናት የኮሪደር ካሜራ እንጂ የሳሎን አለመሆኑን ራሴ ጽፌው ሳላስተውለው ቀርቻለሁ። የኮሪደሩንና የበሩን አላነሣም። የሳሎኑን ግን እንግዳ ባደረ ቁጥር ከሶኬቱ እነቅላለሁ፤ የሁሉንም ድምፅ ዛሬውኑ ዘግቻለሁ። በእናቲቱ ላይ የሚያስፈራው ነገር ግን መልስ አላገኘም፤ ስኳራቸው እንግዳ አለ ብሎ አይጠብቅም።

አቅራቢዋ፣ ከአያት

ለዚህ መልስ አለኝ። እንግዳ ባለ ጊዜ እናቴ ብቻቸውን አይደሉም፤ ቢወድቁ የሚያነሣቸው ሰው አጠገባቸው ነው። ካሜራው የሚያስፈልገው እንግዳው ሲሄድ ነው። ይህን ለወንድሜ ስነግረው ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና ድምፁን ከስልኩ ላይ ዘጋው፤ እንግዳ ሲኖር ደግሞ መሰኪያውን እንድነቅለው ተስማማ። ለመምህር ያለኝን አክብሮት ሳልቀንስ፣ ከኮምቦልቻ የጻፈችው እኅቴ ያለችው አሳምኖኛል፤ አክስቴን ብጠይቃቸው ኖሮ ምን ብለው እንደሚመልሱልኝ አውቀዋለሁና።

ባለፈው ሳምንት መንዝ ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ስለ ወደፊቱ ያልሁትን ሁሉ በዝምታ ሰሙኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፦ «ያ የተቀረጸው አሁን የት ነው ያለው?» የወንድሜ ካሜራ ወደ ኩባንያ አይልክም፤ የሚቀርጸው ጎኑ ላይ በምትገባ የጥፍር ያህል ሜሞሪ ካርድ ላይ ነው። ከቦርሳዬ አውጥቼ በእጃቸው አኖርሁላቸው። አገላብጠው አዩአት፣ «ይህችው ናት?» አሉ፤ ከዚያም በነጠላቸው ጫፍ ሁለት ጊዜ ቋጠሯት። የዓይናቸውን ቀጠሮ ከጥምቀት በኋላ አስይዤላቸዋለሁ፤ እንደሚመጡ ግን እስካሁን ቃል አልሰጡኝም።