8 ቢት ማይክሮኮንትሮለር ጊዜው አልፎበታል?

ጠያቂው፦ የአፈር እርጥበት የሚለካ፣ በባትሪ የሚሠራ መሣሪያ ልሠራ ነው። በየ30 ደቂቃው ነቅቶ ይለካል፣ ይመዘግባል፣ ይተኛል። ኤቲሜጋ328ፒ የተባለውን ባለ 8 ቢት ማይክሮኮንትሮለር (ትንሽ ኮምፒውተር የያዘ ቺፕ) አስቤ ነበር። ጓደኛዬ ግን "እሱ እኮ ሙዚየም የገባ ነው፣ ባለ 32 ቢቱን ቺፕ ኢኤስፒ32ን ያዝ" አለኝ። ምን ትላላችሁ?

ፍጥነት ወዳዱ፦ ልክ ነው ጓደኛህ። ያንተው 2 ኪሎባይት ራም (የሥራ ማህደረ ትውስታ) ነው ያለው። ኢኤስፒ32 520 ኪሎባይት አለው፣ እስከ 240 ሜጋኸርዝ ይሮጣል፣ ዋይፋይና ብሉቱዝም ከነቺፑ ነው። ምኑ ያከራክራል?

ባለ ባትሪው፦ ኧረ ቀስ! በግማሽ ሰዓት አንዴ አንድ ቁጥር ለሚያነብ ነገር ሩጫው ምን ያደርግለታል? ዕድሜውን የሚጨርሰው ተኝቶ ነው። ጥያቄው ሲተኛ ስንት ይበላል ነው። ኤቲሜጋው፣ የሚቀሰቅሰው ዋችዶግ (ጊዜ ቆጣሪ) በርቶ እንኳ፣ ጥቂት ማይክሮአምፒር ነው የሚወስደው።

ፍጥነት ወዳዱ፦ ኢኤስፒ32ም በጥልቅ እንቅልፍ 10 ማይክሮአምፒር አካባቢ ነው። ይህን ለምን ዘለልከው?

ብየዳ የሚወደው፦ ሁለታችሁም ስለ ቺፕ ነው የምታወሩት። እሱ የሚገዛው ቦርድ ነው። እኔ በዚህ ተቃጥያለሁ። ኮዱ ሰላም፣ ቺፑ ተኝቷል፣ ባትሪው ግን በሳምንት ድርቅ አለ። መልቲሜትሩን ከባትሪው ጋር በተከታታይ ሳገናኘው 10 ሚሊአምፒር! ለካ ትንሿ ቀይ መብራት፣ ሬጉሌተሩ (ቮልቴጅ አስተካካዩ) እና የዩኤስቢ ቺፑ እንቅልፍ አያውቁም። 2000 ሚሊአምፒር-ሰዓት ለ10 ሲካፈል 200 ሰዓት ነው። ስምንት ቀን ገደማ። ኤቲሜጋው የተገጠመበት የአርዱዊኖ ኡኖ ቦርድማ ይብሳል። ስለዚህ ቺፑን ብቻውን በየድ፣ ወይም ለባትሪ ተብሎ የተሠራ ቦርድ ፈልግ።

ባለ ባትሪው፦ በዚህ ተረታሁ። ግን ኢኤስፒ32 በዋይፋይ ሲልክ ከ200 ሚሊአምፒር በላይ የሚጠይቅበት ቅጽበት አለ። ባትሪው ከደከመ ቮልቴጁ ይወርድና ቺፑ ራሱን ሪሴት ያደርጋል። ደግሞ የሴንሰርን ቮልቴጅ ወደ ቁጥር የሚቀይሩ ሁለት ክፍሎች አሉት፣ ኤዲሲ1 እና ኤዲሲ2፤ ዋይፋይ በርቶ የኤዲሲ2 ፒኖችን ማንበብ አይቻልም። ሴንሰሩን ኤዲሲ1 ላይ ካላሰርከው ቀኑን ሙሉ ሽቦ ስትነቅል ትውላለህ።

ፍጥነት ወዳዱ፦ እሺ፣ ስክሪን ቢጨምርስ? 128 በ64 ነጥብ ያለው የኦሌድ ስክሪን ምስል ብቻውን 1024 ባይት ራም ይይዛል። የኤቲሜጋው ራም ግማሹ ሄደ ማለት ነው።

ብየዳ የሚወደው፦ ጠያቂው፣ ቁጥሩ የት ነው የሚሄደው? ስልክህ ላይ?

ጠያቂው፦ የትም። እዚያ ኔትወርክ የለም። በሳምንት አንዴ ሄጄ የሚመዘገብበትን ሚሞሪ ካርድ አወጣለሁ።

ፍጥነት ወዳዱ፦ ወንድሜ፣ ይህን መጀመሪያ ብትናገር ስለ ዋይፋይ ይህን ሁሉ እንነታረክ ነበር?